ሃይድሮክሳይድ ወደ አኖድ የሚሄድ ከሆነ ፌኖልፍታሊን ለምን ካቶድ ላይ ሮዝ ይሆናል?

ሐምራዊ ጠብታ

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን ቤተ ሙከራ ውስጥ የሶዲየም ሰልፌት ሙሙት ኤሌክትሮሊሲስ (በኮረንቲ መለየት) ሠርተን ነበር። ዩ ቅርጽ ባለው ቱቦ ሙሙቱን ሞላን፣ ጥቂት ጠብታ ፌኖልፍታሊን (ቤዝ ሲያገኝ ሮዝ የሚሆን አመልካች) ጨመርን፣ በሁለቱም አፍ የግራፋይት ዘንግ ከትተን ከባለ 9 ቮልት ባትሪ ጋር አገናኘነው። ብዙም ሳይቆይ ከባትሪው ኔጌቲቭ ጫፍ ጋር በተያያዘው ዘንግ፣ ማለትም በካቶዱ ዙሪያ ደማቅ ሮዝ ቀለም ወጣ። በሌላው በኩል፣ አኖዱ ጋ፣ አረፋ እንጂ ቀለም የለም።

ግራ የገባኝ ይኸውና። መጽሐፋችን ኔጌቲቭ አዮኖች ወደ አኖድ፣ ፖዘቲቭ አዮኖች ወደ ካቶድ ይጓዛሉ ይላል። ሙሙትን ቤዝ የሚያደርገው ሃይድሮክሳይድ ኔጌቲቭ ነው። ታዲያ ሮዙ አኖድ ጋ መታየት አልነበረበትም? የሃይድሮጅን አዮን ደግሞ ወደ ካቶድ ስለሚሄድ አሲድ መሆን የነበረበት ካቶዱ ነው። ያየነው ግን የተገላቢጦሹን ነው። ሽቦዎቹ ተቀያይረው ይሆን ብዬ አጣራሁ፤ አልተቀያየሩም። ጓደኞቼ "እንዲያው ነው፣ ሸምድጂው" ይሉኛል። እኔ ግን ገብቶኝ ማለፍ እፈልጋለሁ።

ዘጠኝ ቮልት

የሶዲየም አዮን ወደ ካቶድ ይሄዳል፣ እዚያ ኤሌክትሮን ተቀብሎ የሶዲየም ብረት ይሆናል፣ ሶዲየም ደግሞ ውሃ እንደነካ ሃይድሮጅን አውጥቶ ወደ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ይለወጣል። ሮዙ የመጣው ከዚያ ነው። አኖድ ጋ የሄደው ሰልፌትም በተመሳሳይ መንገድ ከውሃ ጋር ሰልፈሪክ አሲድ ይሠራል።

ጠመኔ እና ቢከር

ሐምራዊ ጠብታ፣ ጥያቄሽ ግሩም ነው። ብዙ ተማሪ ቀለሙን አይቶ ይደሰትና ያልፋል፤ ካነበበው ጋር አያጋጨውም። ዘጠኝ ቮልት፣ ያንተን መልስ ብዙ ሰው ይሰጠዋል፤ የመጨረሻው ውጤት ትክክል ስለሆነ መንገዱም ትክክል ይመስላል። መንገዱ ግን ሌላ ነው።

ካቶዱን እንይ። እዚያ ኤሌክትሮን ለመውሰድ የሚሽቀዳደሙት ሁለት ናቸው፦ የሶዲየም አዮንና ውሃው ራሱ። የሶዲየም አዮንን ወደ ብረት ለመመለስ የሚያስፈልገው ስታንዳርድ ፖቴንሻል (ኤሌክትሮን የመቀበል ዝንባሌ መለኪያ፤ ኔጌቲቭነቱ በጨመረ ቁጥር መቀበሉ ይከብዳል) −2.71 ቮልት ነው። ውሃ ወደ ሃይድሮጅንና ሃይድሮክሳይድ ለመለወጥ −0.83 ቮልት ይበቃዋል፤ ሙሙቱ ገለልተኛ ከሆነ ደግሞ −0.41 ገደማ። ስለዚህ ኤሌክትሮኑን የሚወስደው ውሃ ነው። ሁለት የውሃ ሞለኪውሎች ሁለት ኤሌክትሮን ሲቀበሉ አንድ የሃይድሮጅን ሞለኪውል በአረፋ ይወጣል፣ ሁለት የሃይድሮክሳይድ አዮኖችም እዚያው ይቀራሉ። አኖድ ላይም የሚሠራው ውሃ ነው፦ ሁለት የውሃ ሞለኪውሎች አራት ኤሌክትሮን ለቀው አንድ የኦክስጅን ሞለኪውልና አራት የሃይድሮጅን አዮኖች ይሆናሉ። ሰልፌት አይነካም።

እንግዲህ ሮዙን ያመጣው ሃይድሮክሳይድ ከሩቅ ተጉዞ የደረሰ አይደለም፤ የተወለደው እዚያው ካቶዱ ገጽ ላይ ነው። መጽሐፍሽም አልዋሸም። ሃይድሮክሳይዱ ከተወለደ በኋላ በእርግጥ ወደ አኖድ ማዝገም ይጀምራል። ነገር ግን ከሚሄደው የሚወለደው ይበልጣል።

ለምን ይበልጣል? ይህችን ነጥብ ብዙ ጊዜ እንዘላታለን። በሙሙቱ ውስጥ ኮረንቲውን የሚሸከሙት አዮኖች ሁሉ እኩል አይሸከሙም፤ የበዛው ይበልጥ ይሸከማል። 0.5 ሞላር (በሊትር 0.5 ሞል) ሶዲየም ሰልፌት ብትጠቀሙ በአንድ ሊትር ውስጥ 1 ሞል የሶዲየም አዮን አለ። ገለልተኛ ውሃ ውስጥ ያለው የሃይድሮጅን አዮን 0.0000001 ሞል ነው፤ ሃይድሮክሳይዱም እንደዚያው። ሶዲየሙ አሥር ሚሊዮን እጥፍ ይበልጣል ማለት ነው። ስለዚህ ሙከራው ሲጀመር ጉዞው ሁሉ ማለት ይቻላል የሶዲየምና የሰልፌት ነው። ሶዲየም ካቶድ ጋ የሚደርሰው ኤሌክትሮን ሊወስድ ሳይሆን እዚያ የተወለደውን ኔጌቲቭ ቻርጅ ሊያመዛዝን ነው። ሰልፌትም አኖድ ጋ ለሃይድሮጅን አዮኖቹ እንዲሁ ያደርጋል። በመጨረሻ ካቶድ ጋ የሶዲየም ሃይድሮክሳይድ፣ አኖድ ጋ የሰልፈሪክ አሲድ ሙሙት ይገኛል። ዘጠኝ ቮልት የደረሰበት ቦታ ይኸው ነው፣ በሌላ በር ገብቶ።

ዘጠኝ ቮልት

መምህር፣ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ግን አልተዋጠልኝም። ባትሪው 9 ቮልት ነው። 9 ከ2.71 እጅግ ይበልጣል። ሶዲየም እንዳይወጣ የሚከለክለው ምንድን ነው?

ጠመኔ እና ቢከር

ዘጠኙ ቮልት በሙሉ ካቶዱ ገጽ ላይ አያርፍም። አብዛኛው የሚያልቀው ሙሙቱ ኮረንቲን በመቋቋሙ ነው፤ ቱቦው በቀጠነና ዘንጎቹ በተራራቁ ቁጥር ይህ ድርሻ ይጨምራል። ገጹ ላይ ያለው ፖቴንሻል ደግሞ ውሃ ኤሌክትሮን መቀበል ከሚጀምርበት ብዙም አይርቅም፤ ውሃው በአንድ ሊትር 55 ሞል ገደማ ስለሆነ የመጣውን ኤሌክትሮን ሁሉ ይቀበላል። ባትሪውን ብታጠነክረው ብዙ ሃይድሮጅን ቶሎ ታገኛለህ እንጂ ሶዲየም አታገኝም።

ሶዲየም የሚወጣበት ሁኔታ ግን አለ። ካቶዱ ሜርኩሪ ከሆነ። ሜርኩሪ ላይ ሃይድሮጅን ለመውጣት በጣም ይቸገራል፣ ሶዲየም ደግሞ ሜርኩሪው ውስጥ ስለሚሟሟ ይቀልለዋል። ካስትነርና ኬልነር በ1890ዎቹ ኮስቲክ ሶዳ ለማምረት የተጠቀሙት ይህንኑ ነው። በሜርኩሪ መርዛማነት ምክንያት ዛሬ በሌላ ዘዴ ተተክቷል።

የድሮ መዝገብ

ይህ ክርክር ታሪክ ያለው ስለሆነ ልጨምር፤ ሐምራዊ ጠብታ የጠየቀችው ጥያቄ ትልልቆቹንም ያስጨነቀ ነው።

በ1800 ቮልታ ባትሪውን ለዓለም ባሳወቀበት ዓመት ኒኮልሰንና ካርላይል ውሃን በኮረንቲ ለይተው ሃይድሮጅንና ኦክስጅን አገኙ። ከዚያ በኋላ የሚገርም ነገር ታየ፦ "ንጹሕ" በተባለ ውሃ ውስጥ እንኳ በአንዱ ሽቦ ዙሪያ አሲድ፣ በሌላው ዙሪያ ቤዝ ይገኛል። ኮረንቲ አሲድና ቤዝ ከምንም ይፈጥራል የሚሉ ነበሩ። ሃምፍሪ ዴቪ በ1806 ለሮያል ሶሳይቲ ባቀረበው ንግግር ይህን ፈታው። የመስታወት ዕቃውን ትቶ አጌት ከተባለ ድንጋይ በተሠራ ኩባያ፣ በመጨረሻም በወርቅ ዕቃ ሠራ። አልካላዩ ከመስታወቱ የሚሟሟ፣ አሲዱ ደግሞ ከአየር ናይትሮጅን የሚመጣ መሆኑን አሳየ። ሁለቱንም ሲያስወግድ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ብቻ ቀሩ።

ይህ መምህር ካሉት ጋር ይገጥማል። ጨው በሌለበት ውሃ ውስጥ የሚጓዙት የተወለዱት የሃይድሮጅንና የሃይድሮክሳይድ አዮኖች ብቻ ናቸው፤ እርስ በርስ ተገናኝተው ተመልሰው ውሃ ይሆናሉ። ቀለሙ ቆሞ እንዲታይ ተመልካች የምንላቸው ሶዲየምና ሰልፌት ያስፈልጋሉ። "ተመልካች" መባላቸው ምንም አያደርጉም ማለት አይደለም።

ሌላው ዳንኤል ነው፣ በስሙ የዳንኤል ሴል የሚባለው። በ1839 ልክ ያንቺን ሶዲየም ሰልፌት ይዞ መዘነ። የፋራዳይን ሕግ ተከትሎ ሲያሰላ፣ ያው ኮረንቲ አንድ እኩያ (ለአንድ ሞል ኤሌክትሮን የሚመጥን መጠን) ሃይድሮጅንና ኦክስጅን አወጣ፤ በዚያው ላይ አንድ እኩያ አሲድና አንድ እኩያ ቤዝ። ኮረንቲው እጥፍ ሥራ የሠራ መሰለ! በዚያን ዘመን ጨው ማለት የሁለት ኦክሳይዶች ጥምረት ነው ተብሎ ይታመን ነበር፣ የበርዜሊየስ ትምህርት። እንደዚያ ከሆነ ጨው መለየትና ውሃ መለየት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ ሒሳቡ አይዘጋም። ዳንኤል መውጫውን አገኘ፦ የጨው ክፍሎች ሶዲየምና ሰልፌት ናቸው፣ አሲዱና ቤዙ ከጋዙ ጋር አብረው የሚወጡ እንጂ ተጨማሪ ሥራ አይደሉም። ዛሬ በአንድ መስመር የምንጽፈው የካቶድ ሪአክሽን ሃይድሮጅኑንና ሃይድሮክሳይዱን በአንድ ላይ የያዘው ለዚህ ነው።

ዘጠኝ ቮልትን ላበረታታ፦ ዳንኤልም ቤዙ የሚመጣው ሶዲየም መጀመሪያ ወጥቶ ከውሃ ጋር ሲገናኝ ነው ብሎ ነበር የገመተው።

ሐምራዊ ጠብታ

እጅግ አመሰግናለሁ፣ መምህር። "የሚወለድበት ቦታ" የሚለው ከፈተልኝ። የድሮ መዝገብም አመሰግናለሁ፣ ይህን ማንም ነግሮኝ አያውቅም።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። አኖዱ አሲድ መሆኑን በዓይኔ ማየት ብፈልግስ? ፌኖልፍታሊን እዚያ ምንም አልነገረኝም። ሁለተኛ፣ አረፋው ገና ትንሽ ሳለ ቀለሙ እንዴት ቀድሞ ደመቀ?

ጠመኔ እና ቢከር

ከሁለተኛው ልጀምር፣ ሒሳቡ ደስ ስለሚል። 20 ሚሊ አምፔር ለ50 ሰከንድ ብታሳልፊ 1 ኩሎምብ ነው። አንድ ሞል ኤሌክትሮን 96,485 ኩሎምብ ስለሆነ፣ 1 ኩሎምብ የሚያስገኘው ሃይድሮክሳይድ 0.00001 ሞል ገደማ ነው። ኢምንት ይመስላል። ይህ መጠን በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ቢሰራጭ ግን 0.0001 ሞላር፣ ማለትም ፒኤች 10 ይሆናል (ፒኤች የአሲድና የቤዝ መለኪያ ነው፤ 7 ገለልተኛ፣ ከዚያ በላይ ቤዝ፣ በታች አሲድ)። ፌኖልፍታሊን ከ8.2 ጀምሮ መቅላት ስለሚጀምር በደንብ ያየዋል። በዚያው ኩሎምብ የወጣው ሃይድሮጅን ስንት ነው? የአንድ ሚሊ ሊትር አንድ ስምንተኛ ገደማ። ጋዙን ለመለካት ትቸገሪያለሽ፣ ቀለሙን ግን ከክፍሉ ጀርባ የተቀመጠ ተማሪ ያየዋል። አመልካችን በዚህ ሙከራ የምወደው ለዚህ ነው።

ለመጀመሪያው፦ ፌኖልፍታሊን ከ8.2 በታች ቀለም የለውም፤ ገለልተኛና አሲድ ለእሱ አንድ ናቸው። ብሮሞታይሞል ብሉ ውሰጂ። ከ6.0 በታች ቢጫ፣ ከ7.6 በላይ ሰማያዊ፣ በመካከል አረንጓዴ። በአንድ ቱቦ ውስጥ አንዱ ክንድ ቢጫ፣ አንዱ ሰማያዊ፣ ታችኛው ጎባጣ አረንጓዴ ሆኖ ታይዋለሽ። የቀይ ጥቅል ጎመን ጭማቂም ይሠራል፣ ቀለሞቹም ብዙ ናቸው። ሜቲል ኦሬንጅ ግን ከ4.4 በላይ ቢጫ ስለሆነ ካቶዱን አያሳይሽም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። የተጣራ ውሃ አየር ላይ ሲቆይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይስብና ፒኤቹ ወደ 5.6 ይወርዳል። ስለዚህ ብሮሞታይሞል ብሉ ስትጨምሪ ገና ከመጀመሪያው ቢጫ ሊሆን ይችላል። በጣም የቀጠነ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ በጠብታ እየጨመርሽ አረንጓዴ ላይ ስታደርሺው ነው ሙከራው የሚጀመረው።

አዲስ አስተማሪ

ይህን ክር በማግኘቴ ደስ ብሎኛል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ላስተምረው ነው። በመጨረሻ ሁለቱን ክንዶች ቀላቅሎ ወደ አረንጓዴ መመለሱን ማሳየት እፈልጋለሁ። እኔ ጋ ያለው የገበታ ጨው ነው። ስሞክረው አኖድ ጋ ቢጫ ሳይሆን ቀለም አልባ ሆነ፤ ስቀላቅለውም አረንጓዴው አልተመለሰም። አመልካቹ ተበላሽቶ ይሆን?

ጠመኔ እና ቢከር

አመልካቹ ተበላሽቷል፣ ያበላሸው ግን ክሎሪን ነው። የገበታ ጨው ሙሙት ጠንከር ካለ አኖድ ላይ የሚወጣው በአብዛኛው ክሎሪን ነው። በስታንዳርድ ፖቴንሻል ካየነው ኦክስጅን መቅደም ነበረበት፣ 1.23 ከ1.36 ጋር። ኦክስጅን ግን አራት ኤሌክትሮን አስለቅቆ ሁለት አተሞችን ማጣመር ስላለበት ግራፋይት ላይ ብዙ ተጨማሪ ቮልቴጅ ይፈልጋል፤ ክሎሪን ይቀድመዋል። ክሎሪን ውሃ ውስጥ ሃይፖክሎረስ አሲድ ይሠራል፣ እሱም ቀለምን የሚያነጣ ነው። የአመልካቹ ሞለኪውል ራሱ ስለፈረሰ ፒኤቹን ብታስተካክልም ቀለሙ አይመለስም።

ቀለሙ ባይነጣ እንኳ ሒሳቡ አይዘጋም። ካቶድ ላይ ሃይድሮክሳይድ ይወለዳል፣ አኖድ ላይ ግን እኩያው የሃይድሮጅን አዮን አልተወለደም። ከክሎሪኑ ጥቂት ካመለጠ የተቀላቀለው ሙሙት ወደ ቤዝ ያዘነብላል። በሶዲየም ሰልፌት ግን ለአራት ኤሌክትሮን አራት ሃይድሮክሳይድና አራት ሃይድሮጅን አዮን ስለሚወለዱ ይጣጣማሉ። ግራፋይቱ በአኖድ በኩል ጥቂት ተቃጥሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚለቅ አረንጓዴው ወደ ቢጫ ሊጠጋ ይችላል፤ ፕላቲነም ካለህ ያ አይኖርም።

እባክህ ክሎሪኑን አትናቀው። መርዛማ ጋዝ ነው፤ ተማሪዎች ቱቦው ላይ አፍንጫቸውን ደፍተው እንዳያሸቱ። ሶዲየም ሰልፌት እስክታገኝ ማግኒዚየም ሰልፌት አለኝ ካልክ ይሠራል፣ ካቶድ ላይ ግን ነጭ የማግኒዚየም ሃይድሮክሳይድ ደለል ይወጣብሃል። ቤኪንግ ሶዳ አትጠቀም፤ በፈር (የፒኤች ለውጥን የሚቋቋም) ስለሆነ የቀለሙን ለውጥ ይውጠዋል።

ሽቦ ለባሽ

እኔ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። ግራፋይት ባይኖር የማይዝግ ብረት ማንኪያ ወይም የመዳብ ሽቦ አይሠራም? ርካሽና ጠንካራ ነው።

ጠመኔ እና ቢከር

ለካቶድ ማንኛቸውም ይሆናሉ። ለአኖድ ግን እለምንሃለሁ፣ አይሁን። የማይዝግ ብረት ውስጥ ክሮሚየም አለ፤ አኖድ ላይ ሲሟሟ ስድስት ቻርጅ ወዳለው ክሮሚየም ሊለወጥ ይችላል፣ እሱም ካንሰር አምጪ ነው። በዚያ ላይ ክሮሜት ቢጫ ነው! ተማሪው "ብሮሞታይሞል ብሉ ቢጫ ሆነ፣ አሲድ ነው" ብሎ ይጽፋል፣ ያየው ግን ክሮሜት ሊሆን ይችላል። መዳብም እንዲሁ ያሳስታል፦ ከውሃው ይልቅ መዳቡ ራሱ ኤሌክትሮን ይለቅና ሙሙቱ ሰማያዊ ይሆናል፣ አኖድ ጋ ሰማያዊ አይተህ ቤዝ ነው ትላለህ። ፖታሲየም አዮዳይድ ስትጠቀምም አኖድ ጋ የሚወጣው ቡናማ የአዮዲን ቀለም እንጂ የፒኤች ምልክት አይደለም።

ቀለም ባየን ቁጥር የአመልካቹ ነው ወይስ የሌላ ብለን ለመለየት ቀላል ዘዴ አለ፦ አመልካች ያልተጨመረበት ሁለተኛ ቱቦ ጎን ለጎን መሥራት።

ሽቦ ለባሽ

ገባኝ፣ አመሰግናለሁ። እናንተ የምታወሩት ነገር በእኛ ሙያም ነበር። ምልክቱ የጠፋበትን የዲሲ (በአንድ አቅጣጫ የሚሄድ ኮረንቲ) ሽቦ ፖላሪቲ፣ ማለትም የቱ ፖዘቲቭ የቱ ኔጌቲቭ እንደሆነ ለማወቅ ጨውና ፌኖልፍታሊን የጠጣ ወረቀት ያረጥቡና ሁለቱን ጫፎች ጥቂት አራርቀው ያስነኩታል። የሚቀላው በኔጌቲቩ በኩል ነው። አሁን ለምን እንደሆነ ገባኝ። በኤሲ፣ አቅጣጫው በሚመላለስ ኮረንቲ፣ ቢሞከር ግን ምን ይሆናል?

ጠመኔ እና ቢከር

ሽቦዎቹ ባሉበት ከቆሙ አቅጣጫው በሰከንድ 50 ወይም 60 ዙር ስለሚመላለስ በአንዱ ግማሽ ዙር የተወለደውን ሃይድሮክሳይድ ቀጣዩ ግማሽ ያጠፋዋል፤ የሚረባ ቀለም አታይም። ጫፉን በወረቀቱ ላይ ፈጠን አድርገህ ብትጎትተው ግን የተቆራረጠ መስመር ይሰመራል፤ ቀለም ያለው ኔጌቲቭ በሆነበት ቅጽበት ያለፈበት ቦታ ነው። ይህ በትንሽ ትራንስፎርመር ወደ 6 ወይም 12 ቮልት በወረደ ኤሲ ብቻ ይሠራል። ከግድግዳ ሶኬት በቀጥታ ማንም እንዳይሞክር፤ እርጥብ ወረቀትና ጣት አንድ ላይ ናቸው።

የድሮ መዝገብ

ፋራዳይም በ1833 ሶዲየም ሰልፌት የጠጣ የእርድና የሊትመስ ወረቀት ተጠቅሟል። ኮረንቲውን ከስታቲክ ማሽን በአየር አሻግሮ፣ ብረት ወረቀቱን ሳይነካው አሲድና ቤዝ አወጣ። አዮኖቹን የሚስባቸው የብረቱ ዘንግ ነው የሚለውን አሳብ የናደበት አንዱ መንገድ ይህ ነበር። አኖድ፣ ካቶድ፣ አዮን የሚሉት ቃላት የወጡት በቀጣዩ ዓመት ነው።

ሐምራዊ ጠብታ

ሁሉንም አነበብኩ። በብሮሞታይሞል ብሉ ደግመን ሠራነው፣ ቢጫውም ሰማያዊውም ወጣ። ከዚያ መምህር ስለ ኤሲ ካሉት ተነስቼ ባትሪውን ገለበጥኩት። ተመሳሳይ ጊዜ ብጠብቅ ወደ አረንጓዴ ይመለሳል ብዬ ጠብቄ ነበር። ዘንጎቹ አጠገብ ያለው በእርግጥ ተለወጠ፤ ሰማያዊ የነበረው ዘንጉን ታክኮ ቢጫ ሆነ። ከታች ያለው ግን ሰማያዊ እንደሆነ ቀረ። ኮረንቲው እኩል ከሆነ ለምን ሙሉ በሙሉ አልጠፋም?

ጠመኔ እና ቢከር

በቁጥር ከሆነ እኩል ነው፤ በቦታ ግን አይደለም። መጀመሪያ የተወለደው ሃይድሮክሳይድ አረፋው እያማሰለው፣ ደግሞም ከበድ ስለሚል እየሰመጠ፣ ደግሞም እየተጓዘ ከዘንጉ ርቋል። አሁን የሚወለደው የሃይድሮጅን አዮን ዘንጉ አጠገብ ነው፤ አጠገቡ ያለውን ብቻ አግኝቶ ያጠፋል፣ የተረፈው ቢጫ ይሆናል። ያንን ክንድ ለብቻው በቀስታ ብታማስዪው ወደ አረንጓዴ በጣም ይጠጋል።

ጉዞውን ራሱን ማየት ከፈለግሽ ፈሳሹን በአጋር ጄል ተኪው። 1 በመቶ ገደማ አጋር በሶዲየም ሰልፌት ሙሙት አፍልተሽ፣ አመልካቹን ጨምረሽ፣ ዝርግ ሳህን ላይ አፍስሺውና ሲረጋ ዘንጎቹን በሁለቱ ዳርቻ ትከያቸው። አረፋው ጄሉን ስለማያማስለው ቢጫውና ሰማያዊው ድንበራቸው ጥርት ብሎ እርስ በርስ ይቀራረባሉ። የሃይድሮጅን አዮን ከሃይድሮክሳይድ ይፈጥናል፤ በአንድ ሞል የሚሰጡት ኮንዳክቲቪቲ 350 እና 198 ገደማ ነው። ስለዚህ የሚገናኙት መካከል ላይ ሳይሆን ወደ ካቶዱ ጠጋ ብለው ነው። ሰልፌት ጥቂት የሃይድሮጅን አዮን ስለሚይዝ አሲዱን በመጠኑ ያዘገየዋል፤ ድንበሩ ከጠበቅሽው ትንሽ ወደ አኖድ ቢያዘነብል አትደነቂ። በየአምስት ደቂቃው የድንበሩን ቦታ በማስመሪያ ለክተሽ ግራፍ ሥሪበት፣ ውጤቱንም እዚሁ ለጥፊልን።